የኩዊን "ግሬተስት ሂትስ"፦ ቦሄሚያን ራፕሶዲ የሌለበት ሲዲ ኦሪጅናል ነው? የትኛውስ ይገዛ?

የመኪና_ቴፕ

ሰላም ወገኖች። የእንግሊዙን የሮክ ባንድ የኩዊንን ዘፈኖች ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚይዝ አንድ ስብስብ መግዛት ፈልጌ ግራ ገባኝ። "ግሬተስት ሂትስ" የሚል ስም የተጻፈባቸው ሲዲዎች ብዙ ናቸው፤ የዘፈን ዝርዝራቸው ግን አይገጥምም። አሁን ከአሜሪካ የመጣ ያገለገለ ሲዲ በርካሽ አለ። ሽፋኑ ቀይ ነው፣ 17 ዘፈን አለው፣ ቦሄሚያን ራፕሶዲ ግን የለበትም! ይሄ ዶሮ የሌለበት ዶሮ ወጥ አይደለም? ፎርጅድ ይሆን እንዴ?

ሌላው፣ ሦስት ሲዲ ያለው ፕላቲነም ኮሌክሽን ይሻላል ወይስ አንደኛውንና ሁለተኛውን ግሬተስት ሂትስ ለየብቻ መግዛት? የሚደመጠው በአብዛኛው መኪና ውስጥ በፍላሽ ነው። ቤት ሸክላ ማጫወቻ ስላለ ሸክላውም የሚያዋጣ ከሆነ ንገሩኝ። ላይቭ ኤይድ በተባለው ኮንሰርት ላይ የተጫወቱት ቅጂ ያለበትንም የምታውቁ ብትጠቁሙኝ ደስ ይለኛል።

ሸክላ_ቤት

ፎርጅድ አይደለም፣ ኦሪጅናል ነው። ነገሩ የመብት ጉዳይ ነው። (የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።)

የመጀመሪያው ግሬተስት ሂትስ በ1981 መጨረሻ ላይ ሲወጣ ያኔውኑ የዘፈን ዝርዝሩ እንደየአገሩ ይለያይ ነበር። በየአገሩ ተወዳጅ የሆነው ዘፈን የተለያየ ስለሆነ ነው። የብሪታንያው 17 ዘፈን ይዞ በቦሄሚያን ራፕሶዲ ይጀምርና በዊ ዊል ሮክ ዩ እና በዊ አር ዘ ቻምፒየንስ ይዘጋል። የዚያኑ ዓመት የአሜሪካው ደግሞ ኤሌክትራ በተባለው የሙዚቃ ኩባንያ ስም ወጣ፤ 14 ዘፈን ብቻ ነው። ብሪታንያው ላይ የሌሉ ሁለት ዘፈኖች ግን አሉበት፦ ኪፕ ዩርሰልፍ አላይቭ እና ከዴቪድ ቦዊ ጋር የተሠራው አንደር ፕሬዠር። አንደር ፕሬዠር በነጠላ የወጣው እንግሊዝ ውስጥ ስብስቡ በወጣበት ሰሞን ስለነበር እዚያ ለሁለተኛው ስብስብ ቆየ። ኪፕ ዩርሰልፍ አላይቭ ደግሞ የባንዱ የመጀመሪያ ነጠላ ዘፈን ይሁን እንጂ በ1973 ብሪታንያ ውስጥ ሰንጠረዥ ላይ ስላልገባ "ሂት" ተብሎ ሊቆጠር አልቻለም።

የያዝከው ቀዩ የ1992ቱ ነው። የአሜሪካ መብቱ በ1990 ወደ ሆሊዉድ ሬከርድስ ዞሮ ነበር። የባንዱ ዘፋኝ ፍሬዲ መርኩሪ ኅዳር 24 ቀን 1991 ሲሞትና በማግሥቱ ዓመት ቦሄሚያን ራፕሶዲ በአንድ አስቂኝ ፊልም ምክንያት አሜሪካ ውስጥ እንደ አዲስ ሲፈነዳ፣ ኩባንያው መጀመሪያ ክላሲክ ኩዊን የሚል ስብስብ አወጣ። ቦሄሚያን ራፕሶዲንና አንደር ፕሬዠርን እዚያ ላይ አስገባቸው። ከዚያ ቀዩን ግሬተስት ሂትስ ሲያወጣ እነዚያን ላለመድገም ተዋቸውና በምትካቸው ባዲ ላንጉዊጅ እና አይ ዎንት ቱ ብሬክ ፍሪ ገቡ። ስለዚህ ቀዩ ሲዲ የጥንድ ግማሽ ነው። ክላሲክ ኩዊንን አብሮ የሚሸጥልህ ካለ ሁለቱ ተደምረው ጥሩ ዕቃ ናቸው፤ ለብቻው ግን አትግዛው።

በ2004 አሜሪካ ውስጥ "ዊ ዊል ሮክ ዩ ኤዲሽን" የተባለው ሲወጣ የብሪታንያው 17 ዘፈን ተመለሰ፤ ጥቂት ተጨማሪም አለበት። እንግዲህ በስሙ አትሂድ። ጀርባውን ገልብጠህ የመጀመሪያው ዘፈን ቦሄሚያን ራፕሶዲ፣ 17ኛው ዊ አር ዘ ቻምፒየንስ መሆኑን እይ። እንዲያ ከሆነ የብሪታንያው ዝርዝር ነው፤ አገሩ ውስጥ በታሪክ ከተሸጡ አልበሞች ሁሉ አንደኛ የሆነው እሱ ነው፣ የኢንተርኔት ማዳመጡ ተደምሮ በ2022 ከ7 ሚሊዮን አልፏል።

ባለ_ቤዝ

ሸክላ_ቤት የዝርዝሩን ነገር ጨርሶታል። እኔ የምጨምረው ስለ ርዝመት ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

አንደኛው ስብስብ የሚሸፍነው ከ1974 (ሰቨን ሲስ ኦቭ ራይ) እስከ 1980 (ፍላሽ) ነው። ሁለተኛው በጥቅምት 28 ቀን 1991 ወጣ፤ ፍሬዲ ሊሞት አራት ሳምንት ሲቀረው ማለት ነው። ከ1981 እስከ 1991 ያለውን ይይዛል፣ እሱም 17 ዘፈን ነው። ሁለቱ በድምሩ 34 ዘፈን፣ ወደ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ገደማ።

አንደኛው ላይ አብዛኛው ዘፈን እንደ አልበሙ ሙሉ ነው። ዋናው ልዩነት ፋት ቦተምድ ገርልስ ነው፦ ጃዝ በተባለው አልበም ላይ 4 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ የሆነው ስብስቡ ላይ ወደ 3 ደቂቃ ከ22 ወርዷል። መሐል ላይ ያለው የጊታር ክፍል ነው የተቆረጠው። ሁለተኛው ላይ ግን መቀሱ በዝቷል። የሚይዘው ሙዚቃ 76 ደቂቃ ገደማ ስለሆነና አንድ ሲዲም ከዚያ ብዙ ስለማይይዝ ብዙዎቹ በነጠላ በወጡበት አጭር ቅጂ ገቡ። አይ ዎንት ኢት ኦል ከ4፡41 ወደ 4፡01፣ ሀመር ቱ ፎል ከ4፡28 ወደ 3፡40፣ ዋን ቪዥን ደግሞ ከ5፡10 ወደ 4 ደቂቃ ገደማ። በተለይ ዋን ቪዥን መግቢያው ላይ ያለው ያ ረጅም የሲንተሳይዘር ጭጋግ ስለተቀነሰ አልበሙን የለመደ ሰው ደንገጥ ይላል።

በተቃራኒው አይ ዎንት ቱ ብሬክ ፍሪ ስብስቡ ላይ ይረዝማል። አልበሙ ላይ 3፡20 ሲሆን እዚህ 4፡18 ነው፤ መግቢያውና መሐሉ ላይ ኪቦርድ ተጨምሮበታል። ኢኑዌንዶ 6 ደቂቃ ተኩሉን ሙሉ ገብቷል፣ ሬዲዮ ጋ ጋም አልተነካም። ስለዚህ "ስብስብ ላይ ያለው ሁሉ የተቆረጠ ነው" የሚለው አባባል ልክ አይደለም።

በነገራችን ላይ ይሄ ስብስብ ለምን አይሰለችም ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ አራቱም አባላት ዘፈን ደራሲ ስለሆኑ ነው እላለሁ። ቦሄሚያን ራፕሶዲና ሰምባዲ ቱ ላቭ የፍሬዲ ናቸው፣ ዊ ዊል ሮክ ዩና ሴቭ ሚ የጊታሪስቱ የብራያን ሜይ፣ ሬዲዮ ጋ ጋና ኤ ካይንድ ኦቭ ማጂክ የከበሮ መቺው የሮጀር ቴይለር። ዝምተኛው ቤዚስት ጆን ዲከን ደግሞ ዩር ማይ ቤስት ፍሬንድ፣ አናዘር ዋን ባይትስ ዘ ደስት እና አይ ዎንት ቱ ብሬክ ፍሪን ጽፏል። የዲከንን ሦስቱን ብቻ አከታትለህ ብትሰማቸው የአንድ ሰው ሥራ አይመስሉህም።

ፕላቲነም ኮሌክሽን (2000) እነዚህን ሁለቱንና ሦስተኛውን አንድ ካርቶን ውስጥ የከተተ ነው፤ 3 ሲዲ፣ 51 ዘፈን። እኔን ብትጠይቀኝ ሦስተኛው ሲዲ ባይኖርም አይጎዳህም። ከኩዊን ይልቅ የእንግዳ ድግስ ነው።

የማታ_ሬዲዮ

ባለ_ቤዝ፣ ሦስተኛውን እንዲህ አታጣጥለው። ዲዝ አር ዘ ዴይስ ኦቭ አወር ላይቭስ የት ነው ያለው? ሁለተኛው ላይ የለም። ምክንያቱም ሁለተኛው ስብስብ ከወጣ በኋላ፣ ፍሬዲ ሞቶ፣ በታኅሣሥ 1991 ነው እንግሊዝ ውስጥ ከቦሄሚያን ራፕሶዲ ጋር ተጣምሮ በነጠላ የወጣው። አንደኛም ሆነ። የፍሬዲን የመጨረሻ ዓመት ያለዚህ ዘፈን ማወቅ አይቻልም፤ ስብስቡ ላይ የሚገኘው ደግሞ ሦስተኛው ላይ ብቻ ነው። ፕሪንስስ ኦቭ ዘ ዩኒቨርስም እዚያው ነው። ከ1995ቱ ሜድ ኢን ሄቨን አልበም ሄቨን ፎር ኤቭሪዋን፣ ቱ መች ላቭ ዊል ኪል ዩ፣ ሌት ሚ ሊቭ እና ዩ ዶንት ፉል ሚ አሉ። ከፍሬዲ ሞት በኋላ በ1997 ሦስቱ የሠሩት ኖ ዋን በት ዩም አለ። አንድ ባንድ "ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ" ከተባለ መጨረሻው ይሄ ነው።

በሌላ በኩል ትክክል ያልከው ነገር አለ። ሦስተኛው ላይ ያለው አንደር ፕሬዠር ኦሪጅናሉ አይደለም፣ ሪሚክስ ነው። አናዘር ዋን ባይትስ ዘ ደስትም ከራፐሩ ዋይክሌፍ ጋር የተሠራው ነው። ሰምባዲ ቱ ላቭ ጆርጅ ማይክል በሚያዝያ 1992 ዌምብሌይ በተደረገው የመታሰቢያ ኮንሰርት ላይ የዘፈነው ነው። ዘ ሾው መስት ጎ ኦን ደግሞ ኤልተን ጆን ፓሪስ ላይ በ1997 የዘፈነው ነው፤ ጆን ዲከን ከባንዱ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ መድረክ ላይ የወጣውም ያኔ ነው። ሦስቱንም ሲዲ አንድ ላይ ሹፍል ብታደርግ አንዱ ዘፈን በሁለት ዓይነት እየተደጋገመ ያናድዳል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ እነዚህን አራቱን ፍላሹ ላይ አለመገልበጥ።

ላይቭ ኤይድን በተመለከተ፦ በሦስቱም ስብስቦች ላይ የለም። አንደኛውና ሁለተኛው ላይ ያለው ሁሉ የስቱዲዮ ቅጂ ነው። የዌምብሌዩ ኮንሰርት ሐምሌ 13 ቀን 1985 የተደረገ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 6 ቀን 1977። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ለተጎዳው ወገናችን ገንዘብ ለማሰባሰብ የተዘጋጀው ማለት ነው። ኩዊን ያኔ መድረክ ላይ የቆየው 21 ደቂቃ ገደማ ነው። በቅደም ተከተል የቦሄሚያን ራፕሶዲ የመጀመሪያው ክፍል፣ ሬዲዮ ጋ ጋ፣ ፍሬዲ ሕዝቡን "ኤ ኦ" እያለ ያስጮኸበት፣ ሀመር ቱ ፎል፣ ክሬዚ ሊትል ቲንግ ኮልድ ላቭ፣ ከዚያ ዊ ዊል ሮክ ዩ በአጭሩና ዊ አር ዘ ቻምፒየንስ። ማታ ላይ ፍሬዲና ብራያን ብቻቸውን ተመልሰው ኢዝ ዚስ ዘ ወርልድ ዊ ክሪየትድ የሚለውን በጊታር ተጫውተዋል።

ቦሄሚያን ራፕሶዲን ለምን እስከ ጊታር ሶሎው ድረስ ብቻ ተጫወቱት ለሚል፦ የኦፔራው ክፍል ድምፅ በድምፅ ላይ እየተደረበ በቴፕ የተሠራ ነው፤ አራት ሰው በቀጥታ ሊዘፍነው አይችልም። በራሳቸው ኮንሰርት ላይ እዚያ ሲደርሱ ከመድረክ ወርደው ቴፑን ያስጫውቱ ነበር። በ21 ደቂቃ ውስጥ ለዚያ የሚሆን ጊዜ የለም።

ድምፁን የምትፈልግ ከሆነ በ2018 የወጣውን፣ ስለ ባንዱ የተሠራውን ቦሄሚያን ራፕሶዲ የተባለ ፊልም የሙዚቃ አልበም ግዛ። ከላይቭ ኤይድ አምስት ቁራጭ አለበት፦ ቦሄሚያን ራፕሶዲ፣ ሬዲዮ ጋ ጋ፣ ኤ ኦ፣ ሀመር ቱ ፎል፣ ዊ አር ዘ ቻምፒየንስ። ክሬዚ ሊትል ቲንግና ዊ ዊል ሮክ ዩ ግን አልገቡም፤ ሙሉውን ለማየት የኮንሰርቱን ዲቪዲ መፈለግ ነው።

የመኪና_ቴፕ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ በጣም ተብራራልኝ። እንግዲህ ያገለገለ ፕላቲነም ኮሌክሽን ካገኘሁ ወደ ፍላሽ እገለብጠዋለሁ ማለት ነው። ያገለገለ ሲዲ ስገዛ ምን ልይ? አገለባበጡስ ላይ የሚበላሽ ነገር አለ?

ፍላሽ_ሠሪ

ያገለገለ ሲዲ ስትገዛ አብዛኛው ሰው የሚያየው የሚያብረቀርቀውን ፊት ነው። መጀመሪያ ጽሑፍ ያለበትን ፊት እይ። መረጃው ያለው እዚያው ጽሑፉ ሥር፣ በቀጭን ቫርኒሽ ብቻ ተሸፍኖ ነው። እዚያ በኩል ጥልቅ ጭረት ካለ መዳኛ የለውም። ሲዲውን ወደ አምፖል አንሥተህ ብርሃን በመርፌ ቀዳዳ ሲያልፍ ካየህ ተወው። ከሥር በኩል ያለው ቀላል ጭረት ብዙ ጊዜ ያልፋል።

ሲዲ ከመሐል ወደ ጠርዝ ነው የሚነበበው። ጠርዙ ላይ የጣት ቅባት ወይም ጭረት ካለ የሚጎዱት የመጨረሻዎቹ ዘፈኖች ናቸው። አንደኛው ሲዲ ላይ ይሄ ማለት ዊ ዊል ሮክ ዩና ዊ አር ዘ ቻምፒየንስ ማለት ነው፣ ሁለተኛው ላይ ዋን ቪዥን። ስለዚህ ሻጩ ፊት ስትሞክረው የመጀመሪያውን ዘፈን ሰምተህ አትርካ፤ በቀጥታ ወደ 17 ሂድ። ስትጠርገው ለስላሳ ጨርቅ በትንሽ ውኃ አርጥበህ ከመሐል ወደ ጠርዝ ቀጥ አድርገህ ጥረግ። ዙሪያውን አታሽከርክር፤ በዙሪያው የሚሄድ ጭረት ማጫወቻው ሊያርመው የሚከብደው ዓይነት ነው።

ለመገልበጥ ኮምፒውተሩ ራሱ የሚሰጥህን ማጫወቻ ከምትጠቀም ኤግዛክት ኦዲዮ ኮፒ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም አውርድ። "ሴኪውር" በሚለው አሠራር አስኪደው፣ አኩሬት ሪፕንም አብራው። ይሄ ያንተን ቅጂ ሌሎች ሰዎች ከዚያው ሲዲ ካወጡት ጋር ያነጻጽራል። 17ቱም "አኩሬት" ካለ ጨርሰሃል። አንዱ ካልገጠመ ሲዲውን ጠርገህ ያንን ትራክ ብቻ ድገም፤ ሌላ ሲዲ ድራይቭም ሞክር፤ የአንዱ ሌዘር ያቃተውን ሌላው ብዙ ጊዜ ያነበዋል።

ልክ፦ የሲዲ ድምፅ ሳይታመቅ በደቂቃ 10.6 ሜጋባይት ገደማ ነው። 34ቱ ዘፈን 1.4 ጊጋ ይሆናል። በፍላክ ብታደርገው ከ800 እስከ 900 ሜጋ ይወርዳል፣ ከድምፁ ምንም ሳይቀነስ። በኤምፒ3 320 ደግሞ 320 ሜጋ አካባቢ ነው። መኪና ውስጥ በጎማና በሞተር ድምፅ መሐል ልዩነቱ አይሰማህም፤ ግን አንዴ በፍላክ አውጥተህ ኮምፒውተር ላይ አስቀምጥ፣ ለፍላሹ ከሱ ኤምፒ3 ሥራ። ሲዲውን ሁለተኛ አትነካውም።

አሁን መኪና ውስጥ የሚያበሳጨው ነገር። አልበሙ ይበታተናል። አንደር ፕሬዠር "አርቲስት" የሚለው ቦታ ላይ "ኩዊን እና ዴቪድ ቦዊ" ስለሚል ቴፑ እንደ ሌላ አልበም ይቆጥረዋል። ሦስተኛው ሲዲ ላይማ ከኤልተን ጆን፣ ከጆርጅ ማይክል፣ ከሞንሴራት ካባዬ ጋር የተሠሩ ስላሉ አምስት ስድስት ቦታ ይበጣጠሳል። ኤምፒ3ታግ በሚባለው ፕሮግራም ሁሉንም ምረጥና "አልበም አርቲስት" የሚለው ላይ ኩዊን ብቻ ጻፍ። "ዲስክ ነምበር" ላይ 1፣ 2፣ 3 አድርግ፤ ካልሆነ ሦስቱም ሲዲ ትራክ 1 ስላላቸው ቦሄሚያን ራፕሶዲ፣ ኤ ካይንድ ኦቭ ማጂክ፣ ዘ ሾው መስት ጎ ኦን ተከታትለው ይመጡና ቅደም ተከተሉ ይተራመሳል።

የቆዩ የመኪና ቴፖች ታጉን (ፋይሉ ውስጥ የሚጻፈውን የዘፈኑን መረጃ) ጨርሶ አያዩም፤ ፋይሉ ፍላሹ ላይ በተጻፈበት ተራ ነው የሚያጫውቱት። ስለዚህ የፋይሉን ስም ራሱ 101፣ 102 እስከ 117፣ ከዚያ 201 ብለህ ጀምርና ባዶ ፍላሽ ላይ በተራ ገልብጥ። የፍላሹ ፎርማት ፋት32 ይሁን፤ ኤክስፋት የሆነውን ብዙ ቴፕ አያነብም። ታጉ በ2.3 ዓይነት ይቀመጥ፣ 2.4 የሆነውን አንዳንዱ ባዶ ያሳያል። የሽፋኑ ሥዕል ካልታየህ ጄፔጉ "ፕሮግሬሲቭ" ስለሆነ ነው፤ በ500 በ500 ተራ ጄፔግ አድርገህ እንደገና ክተተው። ስሙን በፊደላችን ልጻፍ ብለህ እንዳትሞክር ደግሞ፣ ብዙው ቴፕ ላይ ካሬ ካሬ ሆኖ ነው የሚመጣው።

የድምፅ ከፍታው ከዘፈን ዘፈን ከተለያየብህ ኤምፒ3ጌይን ተጠቀም፤ መኪናው የሌሎቹን የማስተካከያ ታግ ስለማያነብ። ፋይሉን ራሱን በ1.5 ዲሲቤል ደረጃ ነው የሚቀይረው፣ ወደኋላም ይመለሳል። 89 ዲሲቤል ላይ ተወው። ለእያንዳንዱ ሲዲ "አልበም" በሚለው አስተካክል እንጂ "ትራክ" በሚለው አይደለም፤ ባይሆን ዊ ዊል ሮክ ዩ ከዊ አር ዘ ቻምፒየንስ ፒያኖ ጋር እኩል ይጮህና የሁለቱ ተከታትሎ መምጣት ለዛው ይጠፋል።

ሸክላ_ቤት

ፍላሽ_ሠሪ ካነሣው ላይ አንድ መፈተሻ ልጨምር። ገልብጠህ ስትጨርስ ቦሄሚያን ራፕሶዲን ከ3ኛው ደቂቃ በኋላ ያለውን የኦፔራ ክፍል ስማ። "ጋሊሌዮ" የሚለው ቃል አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ ስፒከር፣ አንዴ ቀጭን አንዴ ወፍራም እየሆነ መመላለስ አለበት። አንድ ቦታ ላይ ተከማችቶ ከሰማኸው ወይ ፋይሉ ሞኖ ሆኗል ወይ የአንዱ ስፒከር ገመድ ወልቋል። ዊ ዊል ሮክ ዩም ለዚህ ጥሩ ነው፦ ከበሮ የለበትም፣ እግርና ጭብጨባ ብቻ ነው። ብራያን ሜይ ያንን ድምፅ በተለያየ መዘግየት እየደራረበ ነው እንደ ሕዝብ ያስመሰለው። የመዘግየቶቹን ልክ እርስ በርስ በማይካፈሉ ቁጥሮች ስላደረገው የገደል ማሚቶ አይመስልም። በደህና ስፒከር ላይ ሰፍቶ ይሰማል፣ በመጥፎ ላይ የአንድ ሰው ጭብጨባ ይሆናል።

አሁን ስለ ሸክላው። የ1981ዱ የእንግሊዝ ሸክላ (ቁጥሩ ኢኤምቲቪ 30) ለመሰብሰብ ያምራል፤ ሎርድ ስኖውደን ያነሣው የአራቱ ፎቶ በትልቁ ሲታይ ሌላ ነው። ለመስማት ግን ችግር አለበት። 58 ደቂቃ በአንድ ሸክላ፣ በአንድ ፊት 29 ደቂቃ ማለት ነው። ሮክ በደንብ እንዲሰማ በአንድ ፊት ከ18 እስከ 22 ደቂቃ ቢሆን ነው የሚመረጠው። ከዚያ ሲበልጥ ቦዩ እንዲጠጋጋ ድምፁን ዝቅ አድርገው፣ ቤዙን ቀንሰው ነው የሚቆርጡት። አንተ ደግሞ ድምፁን ለማካካስ ስትከፍተው የመርፌው ሹክሹክታና አቧራውም አብሮ ይከፈታል።

ሁለተኛው ችግር መሐሉ ነው። ሸክላው በደቂቃ 33 ከአንድ ሦስተኛ ዙር ሲዞር ጠርዝ ላይ መርፌው ሥር በሰከንድ 50 ሳንቲ ሜትር ቦይ ያልፋል። መሐል አካባቢ ሲደርስ 21 ገደማ ብቻ ነው። ያው ድምፅ ከግማሽ ባነሰ ቦታ ላይ ተጨቆነ ማለት ነው። በዚህ ሸክላ ላይ እዚያ የሚያርፉት በአንደኛው ፊት ሴቭ ሚ፣ በሁለተኛው ዊ አር ዘ ቻምፒየንስ ናቸው፤ ፍሬዲ በሙሉ ኃይሉ የሚጮህባቸው! "ስ" እና "ሽ" ሲል ከተፈተፈተ መርፌህ ክብ ጫፍ ያለው ሊሆን ይችላል፤ ኤሊፕቲካል ወይም ከዚያ የቀጠነ ይሻላል። መርፌው ሸክላው ላይ የሚያርፍበትን ክብደትም በሚዛን ለካ። ብዙው ካርትሪጅ (መርፌውን የያዘው ክፍል) 2 ግራም አካባቢ ነው የሚፈልገው፤ በአምራቹ ወረቀት ላይ ካለው ልክ ወደ ከፍተኛው ጠጋ አድርገው። ክብደት መቀነስ ሸክላውን ይጠብቃል የሚባለው ስሕተት ነው፤ መርፌው ቦዩ ውስጥ እየዘለለ ግድግዳውን ይቀጠቅጠዋል።

ሸክላ የግድ ከፈለግህ የ2016ቱን ፈልግ። ያው አንደኛው ስብስብ በሁለት ሸክላ፣ በአራት ፊት ተከፍሎ፣ አቢ ሮድ ስቱዲዮ ውስጥ በግማሽ ፍጥነት የተቆረጠ ነው። በአንድ ፊት 15 ደቂቃ አይሞላም። ሁለተኛው ስብስብም በዚያው መንገድ ወጥቷል። ዋጋው ግን ከፕላቲነም ኮሌክሽን ጋር አይወዳደርም።

ባለ_ቤዝ

የማታ_ሬዲዮ፣ ስለ ዲዝ አር ዘ ዴይስ ተረትተሃል አልልህም፣ ተረትቻለሁ እንጂ። ከሦስተኛው ሰባት ስምንቱ ይቀመጡ፣ ሪሚክሱ ይቅር።

የመኪና_ቴፕ፣ ሌላ አንድ ነገር። ከኢንተርኔት ላይ ብትገዛ ወይም ብታዳምጥ "ሪማስተርድ 2011" የሚል ታያለህ። እሱ ቦብ ለድዊግ ከዋናዎቹ ቴፖች እንደገና ያዘጋጀው ነው። ፕላቲነም ኮሌክሽንም በኋላ በዚሁ ድምፅ ታትሟል። ስለዚህ ያገለገለ ስትገዛ ጀርባው ላይ ያለውን ዓመት እይ። 2000 ካለ የድሮው፣ 2011 ካለ አዲሱ ነው። ለመኪና ሁለቱም ይሆናሉ፤ ግን አንዱን ሲዲ ከአንዱ፣ ሌላውን ከሌላው አትቀላቅል፣ የድምፁ ቀለም ይለያያል።

የመኪና_ቴፕ

ገባኝ። ቀዩን ትቼዋለሁ። አንዱ ሻጭ ጋ የ2011 ፕላቲነም አለ፤ ሁለተኛው ሲዲ ግን ከሥር በኩል ጠርዙ ላይ ጣት የሚያክል ጭረት አለው፣ ጽሑፉ በኩል ደህና ነው። ልውሰደው?

ፍላሽ_ሠሪ

ጭረቱ ከመሐል ወደ ጠርዝ የሚሄድ ከሆነ ውሰደው፣ ማረሚያው ይወጣዋል። ዙሪያውን ተከትሎ የሚሄድ ከሆነ ግን ሻጩ ማጫወቻ ላይ ዘ ሾው መስት ጎ ኦንና ዋን ቪዥንን እስከ መጨረሻው አስኪድ፤ አንዴ እንኳ ከዘለለ ዋጋ አስቀንስ ወይም ተወው።